ማሳ ላይ የወደቀ ገል ምን ይነግረናል?

(በጅጋ የሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባሎች እንዲዳረስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ገል ነው። አዎ፣ ያው ገሉ፤ የተሰበረ እንስራ፣ የተሰነጠቀ ምጣድ፣ አንገቱ የተቀነጠሰ ጀበና። «ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነው ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ውሃው፣ መንገዱ፣ መብራቱ እያለ ስለ ስባሪ ማውራት ሥራ መፍታት የሚመስለው ሰው አለ። ጉዳዩን ዛሬ ያነሣነው ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። ከተማችን እየሰፋች ነው። ትናንት ጤፍና በቆሎ የተዘራበት መሬት ዛሬ ተሸንሽኖ ቤት መሥሪያ ይሆናል፤ መሠረት ይቆፈራል፤ አፈሩ በጋሪና በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ከአፈሩም ጋር ከእኛ በፊት እዚህ የኖሩት ሰዎች የተዉት ምልክት አብሮ ይሄዳል። ውሃው ዘንድሮ ባይገባ ለከርሞ ይገባል። አንድ ጊዜ የተዛቀ የጥንት መንደር ግን ተመልሶ አይመጣም።

ሌላም ምክንያት አለን። ልጆቻችን ከማሳ ገል እየለቀሙ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ያየው ሁሉ ደግሞ እንደ ልቡ ይፈርዳል። አንዱ «የግራኝ ዘመን ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ የአክሱም ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «አያቴ የሰበረችው ነው» ብሎ ያስቃል። ታዲያ ከሦስቱ ማን ልክ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይህን ለመመለስ ነው የተነሣነው።

1ኛ. ገል ለምን ይጠቅማል?

እንጨት ይበሰብሳል፤ ቆዳና ጨርቅ ይጠፋል፤ ብረት ዝጎ ያልቃል። ሸክላ ግን ከ600 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ይሰበራል እንጂ አይጠፋም። አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ስንት ማሰሮ እንደሚሰብር እናቶቻችን ይንገሩን። ወርቅና ብር ቢሆን ተለቅሞ፣ ቀልጦ፣ ተሸጦ ያልቅ ነበር። ገል ግን ማንም አይፈልገውም። ቀድሞ ከጎረቤት እሳት ይጫርበት፣ ዕጣን ይጨስበት ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በወደቀበት ይቀራል። የጥንት ታሪክ አጥኚዎች ከወርቁ ይልቅ ገሉን የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ. እንዴት ወደ ላይ ወጣ?

የበሬ ማረሻ መሬቱን ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚገለብጠው። በየዓመቱ ደጋግሞ ሲያርስ ከሥር ያለውን ትንሽ በትንሽ ያወጣዋል። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ያጥበዋል፤ ገሉ ብቅ ይላል። ከእርሻ በኋላ አንድ ሁለት ዝናብ ሲጥል ማሳ ውስጥ የሄደ ሰው ከሌላው ጊዜ ብዙ የሚያየው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገል የታየበት ቦታ ሁሉ ቤት ነበረበት ማለት አይደለም። እኛ ገበሬዎች ነን፤ አመዱንና ፍጉን ከቤት አውጥተን ማሳ ላይ እንበትናለን። ከአመዱ ጋር የተሰበረው ማሰሮም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ አንድ፣ እዚያ ማዶ አንድ ተበታትኖ የሚገኝ ገል፣ ማሳው ድሮም ይታረስና ፍግ ይወጣበት እንደነበር ሊናገር ይችላል። ገሉ ተከማችቶ፣ አፈሩ ወደ አመድነት ያደላ ግራጫ ሆኖ፣ የወፍጮ ድንጋይ ስባሪና የከሰል ፍርፋሪ ከተጨመረበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሰው ይኖር ነበር። ጠርዙንም ማየት ነው። ጠርዙ ስል ከሆነ በቅርቡ የተሰበረ ወይም ከቦታው ያልራቀ ነው። እንደ ወንዝ ጠጠር ከዞረ ጎርፍና ማረሻ ብዙ ያንከራተተው ነው፤ ምናልባትም ከላይኛው ዳገት የወረደ ነው።

ባለሙያዎች ማሳ ሲያስሱ ዝም ብለው አይለቅሙም። 10 ወይም 20 ሜትር ያህል ተራርቀው በመደዳ ይሰለፋሉ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው አብረው እኩል ይራመዳሉ። የት ስንት ገል እንደታየ ይቆጥራሉ፤ ካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ባዶውንም ቦታ ባዶ ብለው ይጽፋሉ፤ ባዶነቱም ወሬ ነውና። በአገራችን በዚህ ዓይነት ሥራ ከሚጠቀሱት አንዱ ጆሴፍ ማይክልስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአክሱም እስከ የሐ ባለው አገር ያካሄደው አሰሳ ነው። መሬቱን ሳይቆፍሩ፣ ላይ ላዩን ከታየው ገልና ፍርስራሽ ብቻ፣ መንደሮች ከዘመን ዘመን የት እንደተስፋፉና የት እንደጠፉ ለመከታተል ሞክረዋል።

3ኛ. ምን ዓይነት ዕቃ ነበር?

ገል ያገኘ ሰው ዘመኑን ከመጠየቁ በፊት ዕቃውን ይጠይቅ። አራት ነገር ማየት በቂ ነው።

አንደኛ፣ የዕቃው የትኛው ክፍል ነው? አፉ ነው፣ አንገቱ፣ ጆሮው፣ ሆዱ ወይስ መቀመጫው? ከሁሉም ብዙ የሚናገረው የአፍ ስባሪ ነው። ወረቀት ላይ አንዱን ክብ በሌላው ውስጥ እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱን በአንድ ሴንቲ ሜትር እያሰፋችሁ ሣሉ። የአፉን ጠርዝ ክቦቹ ላይ አስቀምጣችሁ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም እዩ። የዕቃው አፍ ስፋት ወዲያው ይታወቃል። ጠባብ አፍ ያለው ውሃ ወይም ጠላ መያዣ፣ ሰፊ አፍ ያለው መቀቀያ ሊሆን ይችላል። ሆዱ እምብዛም የማይጎብጥ፣ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ጋን ይሆናል። አንድ ፊቱ እንደ መስታወት ለስላሳና ጥቁር፣ ሌላ ፊቱ ሻካራ፣ ሁለመናው ዝርግ ከሆነ ደግሞ ምጣድ ነው፤ ይህንንስ ሊነግረን የሚችል ከእኛ በላይ ማን አለ?

ሁለተኛ፣ ስብራቱን ተመልከቱ። ሸክላ ሠሪ ጭቃው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ፣ የተፈጨ ድንጋይ ወይም የተወቀጠ አሮጌ ገል ትቀላቅልበታለች። ስብራቱ ላይ ይህ ፍርፋሪ ይታያል። መካከሉ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ቀይ የሆነም አለ። ይህ የሚሆነው እሳቱ ለአጭር ጊዜ ሲነድ፣ አየሩ መካከሉ ድረስ ሳይደርስ፣ በጭቃው ውስጥ ያለው የዕፅዋት ቅሪት ተቃጥሎ ሳያልቅ ሲቀር ነው። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የተቃጠለ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊቱን ተመልከቱ። በጠጠር ታሽቶ ያብረቀርቃል? ቀይ አፈር ተቀብቷል? በጥፍር፣ በእንጨት ወይም በገመድ የተጫረ ጌጥ አለው? ጥላሸትስ አለበት? ጥላሸቱ ከውጭ ከሆነ እሳት ላይ ይጣድ ነበር ማለት ነው።

አራተኛ፣ በእጅ ነው የተሠራው ወይስ በሚሽከረከር መንኩራኩር? የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ያለ መንኩራኩር፣ በእጃቸው እየገነቡ ነው የሚሠሩት። ከውስጥ በኩል ጣት የዳበሰበት፣ ወፍራምና ቀጭን የሆነ ግድግዳ ይታያል። ክርክር ያለው፣ ዙሪያውን እኩል የተሰመረ ውስጥ ያለው ገል ከተገኘ፣ ወይም ፊቱ መስታወት መሰል ቅብ ካለው፣ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ስለመሆኑ መጠርጠር ይገባል።

4ኛ. ዕድሜውስ?

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። በመልኩ ብቻ ተነሥቶ «የዚህ ንጉሥ ዘመን ነው» ማለት አይቻልም። ማሰሮ በመቶ ዓመት ውስጥ መልኩን እጅግም አይለውጥ ይሆናል፤ ልጅ ከእናቷ ተምራ እናቷ እንደሠራችው ትሠራለችና። ግን ዘዴ አለ። ዘዴውም መቼ እንደመጣ የሚታወቅ ነገር መፈለግ ነው።

ከቅርቡ እንጀምር። ከገሉ ጋር የፕላስቲክ ስባሪ፣ ቆርቆሮ ወይም የጠርሙስ ብርጭቅ ካለ ያ ክምር በቅርብ ዘመን የተደፋ ወይም የተነካ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ላይ በነበረበት ጊዜ በቡሬም በደምበጫም ምሽግ ነበረው። በዚያ ጊዜ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ የተቀላቀለበት ክምር ከዚያ በፊት ሊዘጋ አይችልም።

ቀጥሎ ጀበና። ዛሬ ያለ ጀበና ቤት የለም። ነገር ግን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የሙስሊሞች ልማድ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ገሎቹ መካከል የጀበና አንገት ከበዛ ቦታው የአያቶቻችን ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀደም ያለ ከሆነ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ነበር እንላለን። በሁለቱም መንገድ አንድ የጀበና አንገት ስለ ሰዎቹ ኑሮ ይናገራል ማለት ነው።

የሸክላ ጋያ አፍስ? ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት በዚህ አህጉር ያጨሰው የለም። ታዲያ ጋያ የተገኘበት ሁሉ ከዚያ ወዲህ ነው ልንል ነው? አይሆንም! ከጣና በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ከተማ ጋር ስሙ እንጂ ቦታው አንድ አይደለም። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ቆፍራው ነበር። ከዋሻው የተገኙ ሁለት የሸክላ ጋያ አፎች በኬሚካል ሲመረመሩ የሐሺሽ ቅሪት እንጂ የትምባሆ አልነበረባቸውም፤ ዕድሜያቸውም እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ገደማ ሆነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የዚያው ዋሻ የታችኛው አፈር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ይደርሳል። ከሸክላው ጋር የገብስና የሽምብራ ፍሬ፣ የከብት አጥንትም ተገኝቷል። እንግዲህ በጣና ዙሪያ ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያረባ፣ በሸክላ የሚያበስል ሰው ከ2500 ዓመት በፊት ነበረ ማለት ነው። ጣና ከእኛ ምን ያህል ይርቃል?

ከሩቅ የመጣ ዕቃም ዘመን ይነግራል። ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ሥዕል ያለበት የቻይና ሸክላ በብዛት መሠራት የጀመረው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተባለው ቦታ ቲሞቲ ኢንሶል የተባሉት ፕሮፌሰር ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር ሲቆፍሩ ከቻይናና ከየመን የመጣ ዕቃ፣ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድም አግኝተዋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም ተነግሯል። በአክሱም ደግሞ ከቀይ ባሕር ራስ ከዐቃባ የመጡ የወይን ጠጅና የዘይት ማሰሮዎች ተገኝተዋል። የውጩ ዕቃ በአገሩ ዘመኑ ስለሚታወቅ፣ አብሮት የተገኘው ያገር ቤት ገልም ዘመኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው ዘዴ የአፈር ንብርብር ነው። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1890 በፍልስጥኤም ቴል ኤልሔሲ በተባለ ጉብታ ለስድስት ሳምንት ሲሠራ፣ ከታች ያለው ገል ከላይኛው የተለየ መሆኑን አይቶ፣ ገሉን እንደ ቀን መቁጠሪያ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። የታችኛው ይቀድማል፤ የላይኛው ይከተላል። አፈሩ ከተዛቀና ከተቀላቀለ ግን ቀን መቁጠሪያው ተቀደደ ማለት ነው።

ሦስተኛው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊላርድ ሊቢ የተባለው አሜሪካዊ ሕይወት ከነበረው ነገር፣ ከከሰል፣ ከአጥንት፣ ከእህል፣ ዕድሜ የሚለካበትን መንገድ አስተዋወቀ። በውስጡ ያለው ካርቦን 14 የሚባለው ነገር በ5730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል፤ የቀረው ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል። ከገሉ አጠገብ ያለ አንዲት የከሰል ፍሬ ዋጋዋ ይህን ያህል ነው። ሸክላውም ራሱ መጨረሻ እሳት ከነካው ወዲህ ያለውን ዘመን በውስጡ ባለው አሸዋ ያጠራቅማል፤ እንደገና ሲያሞቁት ብርሃን ይሰጣል፤ ብርሃኑ ይለካል። ግን ለዚህ ገሉ የተቀበረበት አፈርም አብሮ መመርመር አለበት። በፌስታል ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ገል ይህን ዕድል ያጣል።

የአክሱም ገል ከሞላ ጎደል ዘመኑ በቅደም ተከተል ተለይቷል፤ ብዙ አጥኚዎች ለብዙ ዓመት ደክመውበታል። ነገር ግን የአክሱም ሠንጠረዥ የሚያገለግለው ለአክሱም አገር ነው። ጅጋ ላይ የተገኘን ቀይ ገል የአክሱምን መጽሐፍ ገልጦ «ይሄ ነው» ማለት፣ የጎጃሙን ሰው በሌላ ሰው ፎቶ እንደመፈለግ ነው። የጎጃም ገል በጎጃም አፈር ውስጥ፣ በንብርብሩ መነበብ አለበት። ይህ ሊሆን የሚችለው ንብርብሩ ከቆየ ነው።

5ኛ. ገል ማንበብ የሚያውቁት ማን ናቸው?

አሁን በግልጽ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን፣ ጭቃው ምን እንደተቀላቀለበት፣ እሳቱ እንዴት እንደነደደ፣ ጠርዙ የምን አፍ እንደሆነ፣ ያለ መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ናቸው። ገሉን ብትሰጧቸው በጣታቸው ዳብሰው ብዙ ይነግሯችኋል። በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንትም ይህን ዐውቀው ነው ሸክላ ሠሪዎችን እየጠየቁ የሚያጠኑት። ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በትግራይ ስለ ምጣድና ስለ ምድጃ ያጠኑት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል፤ እንደ ጤፍ ያለው የአገራችን እህል ለምን ምጣድን እንደመረጠ የተረዱት ከጋጋሪዎቹና ከሠሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ነው።

እኛስ? እኛ እንስራውን ገዝተን፣ ውሃውን ጠጥተን፣ የሠራችውን ሴት ግን «ቡዳ» ብለን ከማኅበር ስናርቅ ኖርን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን ዛሬም በየጓዳው ይሰማል። ውጤቱን እዩት። ልጆቻቸው ሙያውን እየሸሹ ነው። አሮጊቶቹ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። መሬት ውስጥ ያለውን ገል አክብረን፣ የሚሠሩትን እጆች ብንንቅ፣ ሥራችን ሁሉ ከንቱ ነው።

6ኛ. ምን እናድርግ?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ማሰስና መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ጠብቆ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት ይላል። ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ለውሳኔ ያቀርባል።

ሀ. ማንም ሰው ገል ለመፈለግ ብሎ አይቆፍር። ማሳ ላይ የታየው ባለበት ይቆይ። ዛሬ ስልክ ያልያዘ ወጣት ጥቂት ነው፤ አጠገቡ ሳንቲም ወይም ብዕር አስቀምጦ ፎቶ ያንሣ፤ ቦታውንና ቀኑን ይመዝግብ።

ለ. እስከ ዛሬ በየቤቱ የተለቀመው ይምጣ። የተገኘበትን ማሳ የሚያስታውስ ካለ በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ። ቦታው የማይታወቅ ገል ስሙ የጠፋ ሰው ማለት ነው።

ሐ. መሠረት የሚያስቆፍር ሰው አመዳም አፈርና የተከማቸ ገል ካየ፣ ለአንድ ቀን ቁፋሮውን አቁሞ ለማኅበሩ ያሳውቅ። እኛም ፍኖተ ሰላም ለሚገኘው ለጃቢ ጠህናን ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ሰዎች እናደርሳለን፤ በእነሱም በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲደርስ እናመለክታለን።

መ. በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችንን እንጋብዝ። ከፊት ይቀመጡ። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚቀላቀል፣ እንዴት እንደሚቃጠል ይንገሩን፤ የተሰበሰበውንም ገል አንድ በአንድ ይዩልን። የነገሩን ሁሉ በስማቸው ይመዝገብ፤ ለድካማቸውም ከማኅበሩ ካዝና ይከፈል።

ሠ. በዚህ ማኅበር ውስጥ ሰውን በሙያው የሚሰድብ አባል በደንባችን መሠረት ይጠየቅ።

ከአምስቱ ነጥቦች ክርክር ሊነሣበት የሚችለው «ሐ» እንደሆነ እናውቃለን። ቤት የሚሠራ ሰው የሠራተኛ ዋጋ እየከፈለ አንድ ቀን መቆም ይከብደዋል። ስለዚህ የዚያን ቀን የቀን ሠራተኞች ሒሳብ ማኅበሩ ይሸፍን የሚል ሐሳብ ጨምረናል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሒሳብ ያዡ ዘርዝረው ያቀርባሉ። እያንዳንዱ አባል አስቦበት ይምጣ፤ ድምፅ የሚሰጠው በዚያን ዕለት ነው።